ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ

ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን አንዲት አባላችን ስልኳን ዘርግታ፣ «ሆዴ ብሎኛል፤ እንግዲህ ይመጣል ማለት አይደል?» ስትል ጠየቀችን። ሰውየው ሳዑዲ ነው። ብር ላኪልኝ ብሏታል፤ እሷም ከቁጠባዋ ልታወጣ መጥታለች። መጀመሪያ ሳቅን፤ ከዚያ ዝም አልን። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ቃል ይዛ ያልጠበቀች ጥቂት ናት።

እናቶቻችን የጠበቁት በወረቀት ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ፊደሉ ግን ለባላገር ሴት እጅግ ዘግይቶ ደረሰ። ወንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወይም ለውትድርና ሲሄድ ደብዳቤውን የሚያጽፈው ፊደል ለቆጠረ ጓደኛው ነው፤ እዚህ ደግሞ ቄሱ ወይም የጎረቤት ተማሪ ያነብላታል። «ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን ሰምታ ታለቅሳለች። ጸሐፊው ግን ያንኑ ቃል ለእናቱም፣ ለአበዳሪውም ይጽፈዋል። የደብዳቤ ወግ ነዋ! ጤና ጠይቆ የራስን ደህንነት ማስታወቅ በዐፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች ውስጥም አለ። ታዲያ ናፍቆቱ የማን ነው፤ የባልየው ወይስ የጸሐፊው?

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ማታ ማታ ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ደብዳቤያቸውን ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ፤ ምስጢራቸውም ከሰው ጆሮ ዳነ። ወጉ ግን አልተለወጠም። ዛሬም «ሆዴ»፣ «ውዴ»፣ «እናቴ» በስልክ ሲመጣ ያው ወግ ነው። «ሆዴ» ለልጅም ይባላል፤ ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጥልንም ትለናለች። እኛ ግን ከወንድ አፍ ሲወጣ ቃል ኪዳን እናደርገዋለን። ሽማግሌ አልላከ፣ ቀን አልቆረጠ!

ቃሉ ሁሉ ውሸት ነው አንልም። ከአባሎቻችን በዕድሜ የገፉት እናታችን ከሣጥናቸው አንድ የቆየ ደብዳቤ አውጥተው አሳዩን። «ውዴ» የሚል የለበትም። ከሰላምታው በታች ባልየው የጠየቀው ስለ ማሽላው ነው፤ መቼም የቆቦ ማሽላ እሸት ሲይዝ ወፍ አያስተኛም። «ማማው ላይ ማን እየወጣልሽ ነው? አንቺ እንዳትወጪ፣ ወገብሽ ያምሻል፤ ለጠባቂ የሚሆን ብር በሚመጣ ሰው ልኬአለሁ» ይላል።

እናታችን ይህን ብቻ ደጋግመው አስነበቡን። ያቺ አባላችንም ብሩን ለጊዜው ሳታወጣ ሄደች።