ጎሉን ሁሉም ያያል፣ ጉልበቱን ማን ያያል?

ጠጋ በሉ የኖፓ ልጆች፤ ከመቱ የመጣችሁም እንግዶች ጠጋ በሉ። የኢሉባቦር ዝናብ እንደሆነ ወሬ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ዛሬ የማወጋችሁ የአቡበከር ናስርን ነገር ነው። በእሱም አሳብቤ፣ ችሎታው ሞልቶ አካሉ የሚከዳውን ተጫዋች ማን፣ እንዴት ይያዘው የሚለውን አነሳለሁ።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መታየት የጀመረበት ዓመት። ከዚያ በፊት በየከተማችን ያለው የዲኤስቲቪ ቤት የአርሴናልና የማንችስተር ዩናይትድ ርስት ነበር። ያን ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኮሮና ስለነበር ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ፣ አንድ ላይ ሆነው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያሉ ዞሩ። ጅማ ሲባል የኛ ሰው ጆሮው ቆመ፤ በበደሌ አድርገን የምንገባባት ከተማ ናትና።

ታዲያ ማን ብቅ አለ? የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር! ቡና ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ሸጦ ለሚኖር አገር በስሙም ቢሆን የኛው ክለብ ነው፤ እንዴት አንደግፍ? አሠልጣኙ ካሳዬ አራጌ ነበር። ኳስ ከበረኛው ጀምሮ መሬት ለመሬት ካልተንሸራሸረ ኳስ የማይመስለው ሰው። በዚያ ቅብብል ጫፍ ላይ ልጁ ቆመ። አገባ። ደግሞ አገባ። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል ያስቆጠራቸው 24 ጎሎች ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይደፍራቸው ኖረው ነበር። አቡበከር አለፋቸውና 29 ላይ ቆመ። ልብ በሉ፣ ያን ዓመት የሊጉ ክለቦች 13 ብቻ ስለነበሩ አንድ ክለብ የሚጫወተው 24 ጊዜ ነው። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ የዓመቱ ወሬ ግን የልጁ ሆነ። ዕድሜው ገና 21!

ከዚያ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መጣ። የፓትሪስ ሞትሴፔ ክለብ፣ የደቡብ አፍሪካን ሊግ ዋንጫ በየዓመቱ መውሰድ ልማድ ያደረገው። በ2014 ዓ.ም. አስፈረመው፤ ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ልጁ ወደ ፕሪቶሪያ አቀና። ጎልም አገባ። እኛም «ይኸው፣ የአገራችን ልጅ!» ብለን ደረታችንን ነፋን።

የመጀመሪያው ዓመት ግን ሳያልቅ ጉዳት ደረሰ። በሳምንት በሁለት ሳምንት የሚሽር አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ2023–24 የውድድር ዘመን አብዛኛው ያለ እሱ አለፈ። አሠልጣኙ ሩላኒ ሞክዌና ቡድኑን ይዞ ወደ ሌላ ዋንጫ ገሰገሰ፤ የኛ ልጅ ከጂም ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ጂም ተመላለሰ።

በየሻይ ቤቱ ያን ጊዜ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። አንዱ «ሰነፈ» አለ። አንዱ «ብር ሲያይ ረካ» አለ። ሌላው «እዚህ አምጥተን ለወጌሻ ብንሰጠው በሦስት ቀን ያቆመው ነበር» አለ። ሁሉም የጠየቀው መቼ እንደሚገባ ብቻ ነው። መግባት የለበትም የሚለው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የኔ ጨዋታ ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ወደ ሮም ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 2000፣ የኢጣሊያ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢንተር ከላትሲዮ። ብራዚላዊው ሮናልዶ ከአምስት ወር ገደማ በፊት ከሌቼ ጋር ሲጫወቱ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ኦፕራሲዮን ሆኖ ነበር። ያን ምሽት ተቀይሮ ገባ። ስታዲየሙ ተነሣ። ሰባት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ ኳስ ይዞ፣ እግሩን በኳሱ ላይ እያመላለሰ ተከላካዩን ሊያታልል ሲል ጉልበቱ ከዳው። ማንም አልነካውም። ጉልበቱን ታቅፎ ጮኸ፤ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች ሳይቀሩ ራሳቸውን ያዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ያው ሮናልዶ ከሁለት ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ ወደ ኮሪያና ጃፓን ሄደ። አሠልጣኙ ሉዊዝ ፌሊፔ ስኮላሪ በክለቡ እምብዛም ያልተጫወተ ሰው ይዞ በመሄዱ ብዙ ተወቀሰ። ግን እንዴት እንደያዘው ተመልከቱ። ከቱርክ ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ ቀየረው። ከቻይና ጋር ቀየረው። ከእንግሊዝ ጋር፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ፣ ገና 20 ደቂቃ ሲቀር አስወጣው። ግማሽ ፍጻሜም ቀየረው። በዓለም አንደኛ የሆነውን አጥቂ ና ውጣ ይለዋል። እንዲህ ተቆጥቦ የተያዘው ጉልበት ፍጻሜው ላይ ጀርመን ላይ ሁለት አገባ፤ በጠቅላላው ስምንት። ዋንጫው የመጣው በማስገባቱም በማስወጣቱም ጭምር ነው።

«እኮ እነሱ ብራዚል ናቸው» ትለኛለህ አንተ ከጥጉ። ቶተንሃምንስ ምን ትለዋለህ? ሌድሊ ኪንግ የሚባል ተከላካይ ነበራቸው፤ ጉልበቱ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ልስልስ አካል ያለቀበት። አሠልጣኙ ሃሪ ሬድናፕ ምን አደረጉ? ከልምምድ አስቀሩት። ሌላው በሜዳ ሲሮጥ እሱ መዋኛና ጂም ነው፤ ቅዳሜ ሲደርስ ይሰለፋል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2010 አራተኛ ወጥቶ ቻምፒየንስ ሊግ ሲገባ ኪንግ አምበል ነበር። ለአንድ ሰው ሲባል የቡድኑ ሥርዓት ተጣጥፏል።

የአርሴናል ሰዎች ዝም አላችሁሳ? አቡ ዲያቢን ረሳችሁት? በ19 ዓመቱ ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱን ተሰበረ። ከዚያ አንዱ ጉዳት ሌላውን እየጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ክለቡን እስኪለቅ ድረስ ከ40 በላይ ተቆጠረ። ነገሩ ይኸ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን የሚፈራ ሰው አረጋገጡ ይለወጣል፤ አረጋገጡ ሲለወጥ ሸክሙ ወደ ጭን ጡንቻ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪም ስለ አዲሱ ጉዳት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያየው አሮጌውን ነው።

ታዲያ ተጫዋቹ ራሱ ለምን አይናገርም? ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነዋ! ዘንድሮ ካልታየ ከርሞ ማን ያስፈርመዋል? ስለዚህ በመርፌ አስታግሶ፣ ጥርሱን ነክሶ ይገባል። አሠልጣኙስ? አራት ጊዜ ከተሸነፈ የሚባረር ሰው በስድስት ወር ስለሚመለስ ጅማት የሚያስብበት ልብ የለውም። ደጋፊው እንደኛ ነው፤ ስሙን ይጠራል፣ ያጨበጭባል። ሦስቱም ልጁን ይወዱታል፣ ሦስቱም እንዲገባ ይፈልጋሉ። የቡድኑ ወጌሻ ብቻ ነው አይቶ የሚያውቀው፤ እሱ ደግሞ ቦርሳውን ይዞ ሜዳ ውስጥ ሲሮጥ እንጂ፣ አሰላለፍ ሲወሰን ማን ጠርቶት ያውቃል?

በስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድ የሚመሩ ተመራማሪዎች የአውሮፓን ታላላቅ ክለቦች ለዓመታት ተከታትለው አንድ ነገር አይተዋል። የሕክምና ቡድኑና ዋናው አሠልጣኝ በደንብ የማይነጋገሩበት ክለብ ውስጥ የጉዳቱ ጫና ከፍ ይላል። መሣሪያ ያላቸው፣ ገንዘብ ያላቸው ክለቦች ናቸው እንግዲህ፤ እነሱንም የሚጎዳቸው አለመነጋገር ነው። ስለ ጉልበት መስቀለኛ ጅማት (ኤሲኤል) ደግሞ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወደ ሜዳ የተመለሰ ሰው ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በጣም እንደሚጨምር ኖርዌይ ውስጥ ተጠንቷል። የሮናልዶ ጅማት ሌላ ዓይነት ቢሆንም፣ አምስት ወሩን አስቡ።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንምጣ። በዚህ አገር ጭቃው ወር ከመንፈቅ አይበቃውም፤ ብዙው ዓመት ዝናብ ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሯሯጥ ልጅ፣ ቡና ለቀማ ሲደርስ ጠዋት በቁልቁለቱ ቅርጫት ተሸክሞ ከሰዓት ይጫወታል። ሲጎዳ የሰፈሩ ወጌሻ ንጥር ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ ያሻል፣ ሸምበቆ ሰንጥቆ ያስራል። የወለቀ ጣት በመመለስ እጁ የተመሰከረለት ሰው አለ፤ አልክድም። የተበጠሰ ጅማት ግን በመታሸት አይቀጠልም። ጉልበቱ ቀጥ አልል፣ አልታጠፍ ያለ፣ ያበጠ፣ ሲረግጡት የሚሸሽ ልጅ ቦታው መቱ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያም ካለፈ ጅማ።

ከዳነ በኋላስ? ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። እንዲህ አድርጉ። መሬት ላይ በእንጨት መስመር አስምሩ። ልጁ ጫማውን አጥብቆ መስመሩ ላይ በደህናው እግሩ ብቻ ይቁም፤ በዚያው እግር ወደፊት ይዝለልና በዚያው ይረፍ። ተረከዙ ያረፈበትን ለኩ። ቀጥሎ በተጎዳው እግር እንዲሁ። ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም እጁን መሬት ካስነካ አይቆጠርም። የተጎዳው የደህናውን ዘጠና በመቶ ካልደረሰ ልጁ ገና ነው፤ ፈገግ ቢልም፣ «ምንም አይለኝም» ቢልም ገና ነው። ይህን በታላላቅ ክለቦችም ይለኩታል፤ ልዩነቱ እነሱ የጭን ጡንቻውን ጉልበትም በመሣሪያ መመዘናቸው ነው። ካለፈም በኋላ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። ስኮላሪ በዓለም ዋንጫ ያላፈረበትን እናንተ በወረዳ ዋንጫ አትፈሩበት።

ለአቡበከር ምን ትመኛለህ ካላችሁኝ፣ ጎሉን አውቆበታል፣ ያን አልመኝለትም። የምመኝለት ሌላ ነው፤ ለኖፓውም ልጅ ያው ነው። አሰላለፉ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ደመወዙ ከጎል ጋር ያልታሰረ አንድ ሰው ይቀመጥ። እሱ «ዛሬ አትገባም» ሲል አሠልጣኙ አይከራከረው፣ ልጁ አይለምነው፣ እኛም ከጥግ ሆነን አንሳደብ። እስከዚያው ድረስ በመጪው ቅዳሜ ጨዋታ የተጎዳ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ካያችሁ ስሙን እየጠራችሁ አታስነሡት።