በመዝገብ የተያዘ ምስጢር

መንግሥት አንድን ድርጊት ሊሰውር ሲነሣ ምስክሩን ያስፈራራል፤ በሩን ይዘጋል፤ ጋዜጣውን ያፍናል። የራሱን ጸሓፊ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋዋል። አይሮፕላን መሬት ሲነካ ሰዓቱን የሚጽፍ፣ የማረፊያውን ዋጋ የሚያስከፍል፣ የተሳፋሪውን ቁጥር የሚመዘግብ ሰው አለ። ይህ ተራ የቢሮ ሥራ በታሪክ ፊት ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል የፖላንዷ ሺማኒ ታስተምረናለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሺማኒ በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ በደንና በሐይቆች መካከል የምትገኝ፣ ቀድሞ የጦር ሠራዊት የነበረች የአይሮፕላን ማረፊያ ናት። ከእርሷ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስታሬ ኬይኩቲ መንደር፣ የአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤት ማሠልጠኛ አለ። በ2002 እና በ2003 የአሜሪካው ሲ.አይ.ኤ. ለፍርድ ያላቀረባቸውን ሰዎች በድብቅ ያሰረውና ያሰቃየው በዚሁ ግቢ ነበር።

ለበረራው መሸፈኛ ተበጅቶለት ነበር። አንዳንድ ጊዜ ለአየር ተቆጣጣሪዎች የሚቀርበው የጉዞ ዕቅድ «ማረፊያው ዋርሶ ነው» ይላል፤ አይሮፕላኑ ግን ሺማኒ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ዕቅዱ ቢዋሽ መሬት ላይ ያለው መዝገብ አልዋሸም። የስዊሱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ዲክ ማርቲ በ2006 እና በ2007 ለአውሮፓ ምክር ቤት ባቀረባቸው ዘገባዎች የበረራ መዝገቦችን ከሰዎች ቃል ጋር እያመሳከረ መንገዱን ገለጠ። በ2010 ደግሞ ዋርሶ የሚገኘው የሄልሲንኪ የሰብዓዊ መብት ተቋም ጠይቆ ከድንበር ጠባቂው መሥሪያ ቤት ቁጥሮቹን አገኘ። ዲሴምበር 5 ቀን 2002 አንድ አይሮፕላን 8 ተሳፋሪዎች ይዞ አረፈ፤ ሲነሣ አንድም ተሳፋሪ አልነበረበትም። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2003 ሌላው ያለ ተሳፋሪ መጣ፤ 5 ሰዎች ጭኖ ሄደ።

መዝገቡ ስም አይጠራም፤ እስረኛውን ከጠባቂው አይለይም። ነገር ግን የገባውንና የወጣውን ቆጥሮ አስቀምጧል። የስትራስቡርጉ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ጁላይ 24 ቀን 2014 በአል ናሺሪና በአቡ ዙበይዳ ጉዳይ ፖላንድን ጥፋተኛ ሲያደርግ፣ ከተመረኮዘባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የበረራ መዝገብ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የቀድሞው ፕሬዚዳንት ክዋሽኒየቭስኪ፣ ስለ ሥቃዩ አላውቅም ቢሉም፣ ለአሜሪካኖቹ ቦታ መፈቀዱን አመኑ።

ይህ ታሪክ ከእኛ ከስደተኞች የራቀ አይደለም። ቢንያም መሐመድ ኢትዮጵያ ተወልዶ በ1994 እንግሊዝ አገር ጥገኝነት የጠየቀ ወጣት ነበር። በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተያዘ፤ ከዚያም በምስጢር ሞሮኮ ተወስዶ እንደተሰቃየ ተናገረ። እስረኛ ብቻውን የሚናገረውን ማን ያምናል? መዝገቡ ግን ኤን379ፒ የተባለው አይሮፕላን በጁላይ 2002 ከኢስላማባድ ወደ ራባት መብረሩን መሰከረለት። ይኸው አይሮፕላን በ2003 ሺማኒ ደጋግሞ አርፏል። ቢንያም በ2009 ከጓንታናሞ ተለቀቀ። እርሱና አራት ሌሎች ሰዎች በረራዎቹን ያቀናጀውን ኩባንያ ቢከሱም፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 «የመንግሥት ምስጢር ነው» ሲል ክሱን ዘጋው። በአደባባይ የሚነበበው መዝገብ በችሎት ፊት ምስጢር ተባለ!

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ግፍም ቢሆን ነዳጅ፣ ሰዓትና ደረሰኝ ስለሚያስፈልገው ዱካ ሳይተው አያልፍም። ሁለተኛው፣ መዝገብ በራሱ አንደበት የለውም፤ ፍትሕንም ብቻውን አያመጣም። የሚጠይቅ፣ የሚያመሳክር፣ ቁጥሩን ከሰው ቃል ጋር የሚያገናኝ ትጉህ ይሻል። ሺማኒ ከ2016 ወዲህ ለመደበኛ መንገደኞች ተከፍታለች። ከእንግዲህ የሚወርድባት መንገደኛ ሁሉ ይቆጠራል፤ በዚያች የዲሴምበር ዕለት ገብተው በመጡበት አይሮፕላን ያልወጡትም በዚያው በመዝገቧ ውስጥ ተቆጥረው ይኖራሉ።