ደም በልብና በሳንባ ውስጥ እንዴት ይዘዋወራል?

ደም ከሰውነት ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ተመልሶ ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ መላው ሰውነት ያለማቋረጥ ይዘዋወራል። በዚህ ጉዞ ኦክስጅን ይቀበላል፣ የተቃጠለውን አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ያስወግዳል። በወላይታም ሆነ በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይህንን ጉዞ ያውካል።

የደም ጉዞ በቅደም ተከተል

ልብ ሁለት የላይኛና ሁለት የታችኛ ክፍሎች አሉት። ቫልቮች ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ እንደ በር ያገለግላሉ።

1. ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም በደም መልስ ሥሮች በኩል ወደ ላይኛው የቀኝ ክፍል ይገባል።
2. በቫልቭ አልፎ ወደ ታችኛው የቀኝ ክፍል ይወርዳል።
3. ይህ ክፍል ደሙን ወደ ሳንባ ይገፋዋል።
4. ሳንባ ውስጥ የአየር ልውውጥ ይካሄዳል።
5. ኦክስጅን የያዘው ደም ወደ ላይኛው የግራ ክፍል ይመለሳል፤ ማይትራል በሚባለው ቫልቭ አልፎ ወደ ታችኛው የግራ ክፍል ይገባል።
6. ታችኛው የግራ ክፍል ደሙን በአኦርታ በኩል ወደ መላው ሰውነት ይረጫል።

የአዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ላይ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል።

የአየር ልውውጥ

ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ከበዋቸዋል። ኦክስጅን በስስ ግድግዳቸው ወደ ደም ይገባል፤ የተቃጠለው አየር ወደ ከረጢቱ ወጥቶ በትንፋሽ ይወገዳል።

ሶዶ ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከቆላው ይልቅ ሳሳ ያለ ነው። ጤነኛ ሰው ይለምደዋል፤ ሳንባው ውሃ የቋጠረበት ሰው ግን ቶሎ ይቸገራል።

ጉዞው ሲታወክ

በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳቱ ሲደጋገም ቫልቮችን፣ በተለይም ማይትራልን ይጎዳል። ቫልቩ ሲጠብ ደሙ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፣ ፈሳሽም ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ስለሚጨምር ተደብቆ የቆየው ሕመም ያን ጊዜ ሊገለጥ ይችላል።

የእግር እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም

በወላይታ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት (ፖዶኮኒዮሲስ) የታወቀ ነው። እሱ ከእግር መዳፍ ይጀምራል፤ ቆዳውም እየወፈረ ይሄዳል። የልብ ድካም እብጠት ግን ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም የትንፋሽ ማጠርና ድካም አብረውት ይኖራሉ። ለመለየት ምርመራ ያስፈልጋል።

መቼ ይታከሙ?

• ሲሠሩ ወይም ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ካጠረዎት
• ያለ ትራስ መተኛት ካቃተዎት፣ ሌሊት አፍኖ ካስነሳዎት
• የልጅዎ መገጣጠሚያ እየተዘዋወረ ካበጠና ካተኮሰው

ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ። ከንፈር ከጠቆረ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከወጣ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ሰው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዝለታል። መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ አያድነውም፤ ጉዳቱ እንዳይባባስ ይከላከላል። ስለዚህ ሕመሙ የተሻለ ቢመስልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ። ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ልጆች በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይገኛል።