የጣና ታንኳና ሻጋታ፦ የአያያዝ ታሪክ

ስለ መርከብና ስለ ጀልባ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ጉዞ፣ ስለ ማዕበልና ስለ ንግድ ነው። ጉዞው ካበቃ በኋላ ጀልባው የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚጠበቅ የሚተርክ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሥራ ፈቶ የቆመ ጀልባ ከማዕበል ያላነሰ ጠላት አለው፤ እርሱም እርጥበት ነው። እርጥበት ሻጋታን ይወልዳል፤ ሻጋታ መበስበስን ያስከትላል፤ የበሰበሰውም ነገር ባለቤቱ ሳያውቀው ከውስጥ ያልቃል። ይህን ጠላት በሚገባ ካወቁት ሰዎች መካከል የጣና ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች ቀዳሚውን ሥፍራ ሊይዙ ይገባቸዋል። መርከባቸው የሚሠራው ከእንጨት ሳይሆን ከሣር ወገን ከሚቆጠረው ከደንገል ነውና፣ ቸል ቢሉት የሚቆያቸው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

የደንገል ጀልባ ጥንታዊነት አያጠራጥርም። በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ደንገል ሲታጨድ፣ ሲታሰርና ጀልባ ሲሆን የሚያሳዩ ሥዕሎች ይገኛሉ። ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገል መርከብን ያነሣል። በግብፅ ይህ ጥበብ ከደንገሉ ጋር ሲጠፋ በጣና ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ደንገልና ስለ ጣና ጀልባ ሰፊ ማስታወሻ ትቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሰፍረው ሳሉ በእጅ በሚዞር መንኰራኵር የሚሄዱ ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው በሐይቁ ላይ እንደ ሞከሩ፣ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲያሳትም ለታንኳው ተገቢውን ቦታ ሰጥቶታል። ከእነዚህ ጸሐፊዎች በፊትም ሆነ በኋላ ሥራውን በዋናነት ጠብቀው ያቆዩት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች የሆኑት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

የታንኳው አሠራር ራሱ ከእርጥበት ጋር የሚደረግ ውል ነው ማለት ይቻላል። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ከታጨደ በኋላ ወዲያው አይታሰርም፤ በፀሐይ ተዘርግቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ያለው ሲሆን፣ በውጭ በኩል ጠንካራ ልባስ፣ በውስጡ ደግሞ አየር የቋጠረ ለስላሳ ልብ አለው። የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። ውሃ በልባሱ በኩል በቀላሉ አይገባም፤ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ግን ይገባል። ስለዚህ አገዳው በነዶ በነዶ ሆኖ በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ፊትና ኋላውም ወደ ላይ ቀና ይላል። በሆዱ ውስጥ ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፍበታል፤ ጭነቱና ሰዉ በዚህ ንጣፍ ላይ ስለሚሆኑ፣ የታችኛው ክፍል ውሃ ቢጠጣም እህሉ፣ ቡናው ወይም የማገዶ እንጨቱ አይርስም።

እንዲህም ሆኖ ታንኳው ውሃ መጠጣቱ አይቀርም። ጠዋት ቀሎ የወጣው ማታ ከብዶ ይመለሳል። የአያያዙ ጥበብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለ ታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን በውሃው ዳር አስሮ አይሄድም፤ ወደ ደረቁ ምድር ይጎትተዋል፤ ንጣፉን ያወጣል፤ ከዚያም ታንኳውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል ወይም በአንድ ጎኑ ያስደግፈዋል። ውሃው በጫፉ በኩል ይንጠፈጠፋል፤ ነፋስና ፀሐይም በዙሪያው ያልፋሉ። እንዲህ በየዕለቱ የሚደርቅ ታንኳ ለወራት ያገለግላል። እርጥቡን መሬት ላይ ተጋድሞ የዋለ ግን ከሥሩ ይጠቁራል፤ ሽታው ይለወጣል፤ ሲነኩትም ይፈረፈራል።

የዘመኑ ሳይንስ ይህን ልማድ አላፈረሰውም፤ ምክንያቱን ነገረው እንጂ። ስፖር የሚባለው የሻጋታ ረቂቅ ዘር በአየር ውስጥ ሁሉ ስላለ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። ሊከለከል የሚቻለው ማደጉ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ አልፎ ሲቆይ፣ አየሩም ሲታፈን፣ ዘሩ በእንጨት፣ በቆዳ፣ በወረቀትና በደንገል ላይ ይበቅላል። እንጨት አበስባሹ ፈንገስ ደግሞ በአጠቃላይ ከእንጨቱ ክብደት 20 በመቶ የሚያልፍ ውሃ ካላገኘ አይስፋፋም። እንግዲህ ታንኳውን አቁሞ የሚያደርቀው ሰው መለኪያ ሳይኖረው ይህን ወሰን ሲጠብቅ ኖሯል።

ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች የተጠቃሚውን ልምድ ሳይመረምሩ የሚሰጡት ፍርድ ምን ያህል እንደሚስት የታወቀ ምሳሌ አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል መርከብ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ፣ ደንገል በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል የሚል ምክር ተሰጥቶት ነበር። እርሱ ግን ወደ ጣና መጥቶ ታንኳዎቹን ተመለከተ፤ 12 ቶን ያህል ደንገልም ከዚያው ወደ ግብፅ አስጫነ። በቻድ ሐይቅ ሠሪዎች እጅ የታሰረችው «ራ» ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ሰምጦ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት የቦሊቪያ አይማራዎች ከኢትዮጵያ ደንገል የሠሯት «ራ ሁለት» ግን ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። በሁለት ሳምንት ያልቃል የተባለው የጣና ደንገል ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው።

ሄየርዳል ኋላ ኢራቅ ውስጥ «ትግሪስ» የተባለችውን የሸምበቆ መርከብ ሲያሠራ ደግሞ ከረግረጉ ነዋሪዎች ሌላ ትምህርት አገኘ። ይኸውም ሸምበቆው በነሐሴ ወር ከታጨደ ውሃ ሳይጠጣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል የሚል ነው። «ትግሪስ» ወራት ከቆየች በኋላም ተንሳፋፊ ነበረች። ፍጻሜዋ በመበስበስ አልሆነም፤ ባለቤቷ በአካባቢው ይካሄድ የነበረውን ጦርነት ለመቃወም መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. በጅቡቲ አቃጠላት።

ከታንኳው አያያዝ ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ታሪክም አለ። በ1946 ዓ.ም. በጊዛ ታላቁ ፒራሚድ አጠገብ በድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የንጉሥ ኩፉ መርከብ ተገኘ። ከ43 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ይህ የዝግባ መርከብ በ1,224 ክፍሎች ተፈታትቶ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀመጠ ነበር። ጉድጓዱ በከባድ የኖራ ድንጋይና በጀሶ ስለተደፈነና የአካባቢው ምድር ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ ሳይበሰብስ ቆየ። በአጠገቡ የነበረው ሁለተኛው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1987 በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ሲታይ ግን፣ ድፍኑ እንዳልጸናና ነፍሳትም እንደ ገቡበት ታወቀ፤ የዚያ መርከብ እንጨት እጅግ ተጎድቶ ተገኘ። ሁለቱም በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በአንድ ሥፍራ የተቀመጡ ናቸው፤ የለያያቸው እርጥበትና ነፍሳት መግባታቸው ነው።

የጣናና የጊዛ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ አንድ ሕግ ይወጣል። ዕቃን ከሻጋታ ለመጠበቅ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ፈጽሞ ደርቆ ፈጽሞ መዘጋት ነው፤ ሁለተኛው ነፋስ ሳይቋረጥበት ክፍት ሆኖ መቆየት ነው። የሚያጠፋው በመካከል ያለው ነው፤ እርጥብ ሆኖ መዘጋት።

ይህ ሕግ ለሐይቅ ዳር ሰው ብቻ የተገለጠ አይደለም። ታንኳ በማይታወቅበት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝና በግሼ፣ ጉምና ብርድ በሚበረታበት አገር፣ ገበሬው ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ያቆማል። የብራና መጽሐፍም በማኅደሩ ሆኖ ከግድግዳ ችካል ላይ ይንጠለጠላል፤ ወለል አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ያን ያህል ብዙ ጥንታዊ መጽሐፍ ለማንሣት የቻለው፣ እነዚህ መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ጥበቃ እስከዚያ ዘመን ስለደረሱ ጭምር ነው። የጎተራው መቆሚያ፣ የማኅደሩ ችካልና የታንኳው በጫፉ መቆም የአንድ ዕውቀት ሦስት መልኮች ናቸው።

ታንኳን ወይም ሌላ የሣርና የእንጨት ዕቃን በግምጃ ቤት የሚይዝ ባልደረባም ከዚህ የተለየ ጥበብ አያስፈልገውም። ዕቃው በርብራብ ላይ ከወለል ከፍ ይበል፤ ከግድግዳ ይራቅ፤ በፕላስቲክ አይሸፈን። በክረምት ወራት በየሳምንቱ ይታይ። ሻጋታ ከተገኘበት ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይቶ በመጀመሪያ በጥላና በነፋስ ይድረቅ፤ ከደረቀ በኋላ ብቻ፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ሰው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረገው። እርጥብ ሻጋታን መጥረግ ወደ ውስጥ ማሸት ነው። በውሃ ማጠብም ለጠላቱ ስንቅ መስጠት ነው፤ በረኪናም ቀለሙንና አገዳውን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ እርጥበቱ የመጣበት ምክንያት ካልተወገደ ጽዳቱ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ይሁንና ከሻጋታ የከፋ አደጋ አለ። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ መውጫው በጨረጨራ ግድብ ተቆጣጣሪነት ሥር ውሏል፤ ውሃው ሲሸሽ የዳሩ መሬት ይታረሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እምቦጭ አረም ታየበት። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ቢመዘገብም፣ የደንገሉ ቦታ ከቀድሞው እጅግ ጠብቧል። ደንገሉ ሲያንስ ሠሪው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ልጁም አያያዙን አይማርም።

የእንጨት መርከብ በሚገባ ከተጠበቀ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ታንኳ ግን በተፈጥሮው የወራት ዕድሜ ያለው ነው፤ ሺህ ዓመታት የቆየው በየዓመቱ እንደገና ስለተሠራ ነው። ስለዚህ በሙዚየም የቆመን አንድ ታንኳ ከሻጋታ ማዳን ተገቢ ሥራ ቢሆንም ከግማሽ አያልፍም። ቀሪው ግማሽ ደንገሉ በሐይቁ ዳር እንዲበቅል ማድረግና፣ ታንኳውን የሚያስረውን ሰው ስሙንና ሙያውን አክብሮ ማቆየት ነው። ደንገሉና ሠሪው ካልኖሩ፣ የተጠበቀው ታንኳ የመጨረሻው ታንኳ ይሆናል።