ከማይክሮፎን ወደ ምክር ቤት፦ ስደተኛው ጋዜጠኛ፣ የክልል ፖለቲካና የሐረር ልዩ ድንጋጌ

በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስማቸው የታወቀ ጋዜጠኞች ወደ ፖለቲካው መድረክ ሲገቡ ማየት በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ጋዜጠኛው ከትውልድ አገሩ ወጥቶ በሌላ አገር የሚኖር ሰው በሚሆንበት ጊዜ ግን ጉዳዩ ከዝና ያለፉ ጥያቄዎችን ያስነሣል። ዜግነቱ የየትኛው አገር ነው? ሊወክል የሚችለው የሚኖርበትን አካባቢ ነው ወይስ የተወለደበትን ማኅበረሰብ? በአየር ሞገድ ሲያደምጠው የኖረ ሕዝብ ሁሉ በኮሮጆ ድምፁን ሊሰጠው ይችላልን?

እነዚህ ጥያቄዎች ለሐረር ከተማ ሩቅ አይደሉም። የሐረሪ ክልል ከሌሎች የአገሪቱ ክልሎች በተለየ ሁኔታ ከክልሉ ወሰን ውጭ የሚኖሩ የብሔረሰቡ አባላት በክልሉ ምክር ቤት ምርጫ እንዲሳተፉ የሚያደርግ ሥርዓት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሌሎች አገሮች የታዩ ተሞክሮዎችን በማንሣት፣ ከኢትዮጵያ ሕግና ከሐረር ልዩ ድንጋጌ ጋር በማነጻጸር ለጉዳዩ ቅርበት ላላቸው የሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው።

ሐረርና ከሐረር ውጭ የሚኖሩ ልጆቿ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደታነጸ የሚታወቀውና አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት የጀጎል ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ ለዘመናት ከተማዋን ከውጭ ኃይል ሲጠብቅ ቢኖርም ነዋሪዎቿ ግን በንግድ፣ በትምህርትና በፖለቲካ ምክንያት ወደ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ተበትነዋል።

ለፍልሰቱ ምክንያት ከሆኑት ክስተቶች አንዱ በ1940 ዓ.ም. የተነሣው የኩሉብ ንቅናቄ ነው። ንቅናቄውን ተከትሎ ብዙ ሐረሪዎች የታሰሩ ሲሆን፣ በርካታ ቤተሰቦችም ኑሯቸውን ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች አዛውረዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትንና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረጉት አዋጆች ሲወጡ፣ በከተማዋ ዙሪያ የእርሻ መሬትና በውስጧም ቤቶች የነበሯቸው ወገኖች የገቢ ምንጫቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ዓመታት ስደቱ ወደ ውጭ አገርም ተስፋፋ። በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ ዛሬ ሰፊ የሐረሪ ማኅበረሰብ ከሚገኝባቸው የውጭ አገር ከተሞች አንዷ ናት።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ቁጥር 183 ሺህ 415 የነበረ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ኦሮሞ 56 ነጥብ 41 በመቶ፣ አማራ 22 ነጥብ 77 በመቶ፣ ሐረሪ ደግሞ 8 ነጥብ 65 በመቶ ነበር። አኃዙ እንደሚያመለክተው ክልሉ በስሙ የሚጠራለት ብሔረሰብ በክልሉ ውስጥ በቁጥር አነስተኛ ነው። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ልጆቹ የፖለቲካ ተሳትፎ የጎላ ትርጉም የሚያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በሌሎች አገሮች የታዩ ሦስት መንገዶች

ከብሮድካስት ጋዜጠኝነት ወደ ፖለቲካ የተሻገሩ ስደተኞችና የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች የተጓዙባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የሹመት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶ ፕሪንስ የተወለደችው ሚካኤል ዣን፣ ቤተሰቧ የዱቫልየርን አገዛዝ ሸሽቶ በ1968 ወደ ካናዳ ከተሰደደ በኋላ በፈረንሳይኛው የካናዳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በጋዜጠኝነት ታዋቂነትን አትርፋለች። በ2005 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሆና ተሾማ እስከ 2010 አገልግላለች። ሹመቷ በተነገረ ጊዜ በጋብቻ ያገኘችው የፈረንሳይ ዜግነት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሥልጣኗን ከመረከቧ ቀናት ቀደም ብላም ይህንኑ ዜግነት በፈቃዷ ትታለች። ለሹመቷ የመራጭ ድምፅ ባያስፈልግም፣ የዜግነት ጥያቄ ግን ሳይነሣ አልቀረም።

ሁለተኛው በምርጫ ክልል የመወዳደር መንገድ ነው። ከኮርያ ቤተሰብ የተወለደውና በቶሮንቶ በቴሌቪዥን ዜና አቅራቢነቱ የሚታወቀው ቤን ቺን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በተካሄደ የማሟያ ምርጫ የሊበራል ፓርቲ ዕጩ ሆኖ በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ተወዳድሯል። ይሁንና የአዲሱ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ዕጩ የነበሩት ፒተር ታብንስ አሸንፈዋል። ታብንስ ቀደም ሲል የቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት አባል የነበሩ ናቸው። ከዚህ ምርጫ የሚወሰደው ትምህርት፣ በመላ ከተማው በስክሪን መታወቅ በአንድ ምርጫ ክልል ውስጥ ለዓመታት የተገነባን የፖለቲካ መሠረት ሊተካ እንደማይችል ነው።

ሦስተኛው የፓርቲ ዝርዝር መንገድ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በጎንደር አካባቢ ውዛባ በተባለ ስፍራ የተወለደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ1984 የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ተወስዳለች። የሕግ ትምህርቷን ካጠናቀቀች በኋላም በእስራኤል ቴሌቪዥን አንደኛው ጣቢያ በዘጋቢነት ሠርታለች። በ2013 የየሽ አቲድ ፓርቲ ዕጩ ሆና ፓርላማ በመግባት በኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሴት የክኔሴት አባል ለመሆን በቅታለች። ከ2020 እስከ 2022 ደግሞ የፍልሰትና ውሕደት ሚኒስትር ሆና በማገልገል በኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆናለች።

እስራኤል መላ አገሪቱን እንደ አንድ ምርጫ ክልል ስለምትቆጥር፣ መራጩ ድምፁን የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለፓርቲ ዝርዝር ነው። በመሆኑም ዕጩዋ የራሷ የምርጫ ክልል ባይኖራትም ፓርቲዋ 19 መቀመጫ ባሸነፈ ጊዜ ለመግባት ችላለች። በተመሳሳይ ምክንያት ፓርቲው በ2015 ወደ 11 መቀመጫ ሲወርድ ወንበሯን አጥታ፣ በ2018 ቦታ ሲለቀቅ ተመልሳለች።

መመረጥ ብቻውን የባለቤትነትን ጥያቄ እንደማይዘጋም የእርሷ ታሪክ ያስረዳል። በታኅሣሥ 2013 በፓርላማው ቅጥር ግቢ ውስጥ በተካሄደ የደም ልገሳ ላይ፣ በኢትዮጵያ የተወለዱ ሰዎችን በሚመለከት በነበረው መመሪያ ምክንያት ደሟን መስጠት አልቻለችም። ሕግ አውጪ ሆና የተቀመጠችበት ሕንፃ ውስጥ የደረሰው ይህ ክስተት በአገሪቱ ከፍተኛ ክርክር አስነሥቷል።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

ከላይ የተጠቀሱት ጋዜጠኞች ሁሉ የሚወዳደሩበት ወይም የሚሾሙበት አገር ዜጎች ነበሩ። በኢትዮጵያም የመጀመሪያው በር ዜግነት ነው። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን የሚሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት አንድ ኢትዮጵያዊ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ሲያገኝ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ሕጉ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም።

የውጭ አገር ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ ልዩ መብቶችን የሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትንና በአገር ውስጥ ባለሀብትነት መዋዕለ ንዋይ ማፍሰስን ይፈቅዳል። ይኸው አዋጅ ግን በማንኛውም የመንግሥት እርከን የመምረጥና የመመረጥ መብትን በግልጽ ከልክሏል። ስለሆነም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ ጋዜጠኛ በሐረር ቤት መሥራት፣ ድርጅት መክፈትና ተቀጥሮ መሥራት ይችላል፤ ለቀበሌ ምክር ቤት እንኳ ሊወዳደር ግን አይችልም።

በሩ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። የዜግነት አዋጁ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ ከመለሰ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ከተወና ለሚመለከተው አካል ካመለከተ ዜግነቱን መልሶ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የምርጫው ሕግ ደግሞ ከዜግነት በተጨማሪ ዕጩው ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው እንዲሆንና የሚወዳደርበትን አካባቢ የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቃል። በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። ለረጅም ዓመታት በውጭ አገር ቋንቋ ሲያሰራጭ ለኖረ ጋዜጠኛ ይህ መስፈርት ቀላል አይደለም።

የሐረር ልዩ ድንጋጌ

የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 አባላት ያሉት ሲሆን በሁለት ጉባኤዎች የተዋቀረ ነው። 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ አባላት ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 14 የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አባላት ናቸው። የብሔራዊ ጉባኤው አባላት የሚመረጡት በሐረሪ ብሔረሰብ አባላት ብቻ ነው። በክልሉ የሚኖሩት ብቻ ሳይሆኑ በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚኖሩ ሐረሪዎችም ድምፅ ይሰጣሉ።

ይህ አሠራር ሲደገፍም ሲተችም ቆይቷል። ደጋፊዎቹ በታሪክ አጋጣሚ ለተበተነና በገዛ ከተማው በቁጥር አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰብ ቋንቋውን፣ ባህሉንና ቅርሱን የሚያስጠብቅበት ብቸኛ ዋስትና እንደሆነ ያስረዳሉ። ተቺዎቹ በበኩላቸው በክልሉ ግብር የሚከፍለውና የምክር ቤቱ ውሳኔ በቀጥታ የሚነካው ነዋሪ ድምፅ ክብደት እንደሚቀንስ ይናገራሉ።

ክርክሩ በ2013 ዓ.ም. ወደ ፍርድ ቤት አምርቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጡ የቀረበለትን ጥያቄ ባለመቀበሉ ክልሉ ጉዳዩን ለፍርድ አቀረበ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የክልሉን አቤቱታ በመደገፍ ወስኗል። በክልሉ ምርጫው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በተካሄደበት በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሳይሆን በመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተከናውኗል።

ከዚህ ውስጥ ለተነሣንበት ጉዳይ ትልቅ ትርጉም ያለው ነጥብ ይወጣል። አዲስ አበባ የሚኖር ሐረሪ ለአሥርተ ዓመታት ጀጎልን ባይረግጥም ለብሔራዊ ጉባኤው ድምፅ መስጠት ይችላል። ካናዳዊ ዜግነት ያለው የቶሮንቶ ሐረሪ ግን በየዓመቱ ወደ ሐረር ቢመላለስ፣ ቋንቋውን አቀላጥፎ ቢናገርና ለከተማዋ ቅርሶች ጥገና ገንዘብ ቢያዋጣ እንኳ ድምፅ የለውም። ይኸው ሰው በነዋሪነቱና በዜግነቱ ለኦንታሪዮ ምክር ቤት መወዳደር ይችላል። የሐረር ሕግ የክልሉን ወሰን ቢሻገርም የአገሪቱን ወሰን አይሻገርም።

የመገናኛ ብዙኃን ኃላፊነት

ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ጋዜጠኛው ወደ ፖለቲካ በሚሻገርበት ወቅት የሚሠራበት ተቋም ሊወስድ የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የፖለቲካ ድርጅቶች የብሮድካስት ፈቃድ እንዳያገኙ ከልክሎ ነበር። የድርጅቱ ከፍተኛ አመራር አባል ባለአክሲዮን የሆነበት ተቋምም ፈቃድ እንዳያገኝ የሚል ክልከላ በአዋጁ ተካቷል። ይህ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል።

የእነዚህ ድንጋጌዎች መንፈስ ግልጽ ነው። ትናንት ለሁሉም ወገን ዜና ያቀርብ የነበረ ሰው ዛሬ ዕጩ ሲሆን፣ ያው ማይክሮፎን የውድድር መሣሪያ እንዳይሆን መከላከል ያስፈልጋል። በተለይ እንደ ሐረር ባሉ ሕዝቡ እርስ በርሱ በቅርብ በሚተዋወቅባቸው አነስተኛ ከተሞች የአንድ ድምፅ ተሰሚነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ጋዜጠኛው የዕጩነት ውሳኔው ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ ከአቅራቢነት ቢነሣ ለራሱም ለተቋሙም ክብር ይበጃል።

ማጠቃለያ

ከተጠቀሱት ተሞክሮዎች መረዳት እንደሚቻለው፣ የጋዜጠኛ ድምፅ ድንበር ቢሻገርም የመመረጥ መብቱን የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ውክልናን ያሰረበት ነገር ነው። ኦንታሪዮ በዜግነትና በነዋሪነት፣ እስራኤል በዜግነትና በፓርቲ ዝርዝር፣ ሐረር ደግሞ በዜግነት ላይ የብሔረሰብ አባልነትን ጨምራ አስራዋለች።

ስለዚህ ከውጭ ተመላሽ የሆነ ጋዜጠኛ በክልሉ ፖለቲካ የመሳተፍ ፍላጎቱን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት በሚመጣበት ጊዜ፣ ባለጉዳዩን የሚያስተናግደው ሠራተኛ የሰውየውን ዝና ሳይሆን የዜግነቱን ሁኔታ አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባል። ዜግነቱን መልሶ ማግኘት የሚችል ከሆነም ሥርዓቱን በወቅቱና በግልጽ ሊያስረዳው ይገባል። ለሐረር ሲናገር ኖሮ በሐረር ጉዳይ ለመወሰን የሚሻ ሰው በሩ የት እንዳለና በምን ቁልፍ እንደሚከፈት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ትክክለኛ መልስ የማግኘት መብት አለው።