እማዬና የካኩማው ደብተር



እማዬ ካረፈች 40 ቀን ሞላት። ከናይሮቢ፣ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአገር ቤትም እየደወላችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብዙዎቻችሁ «ስለ እሷ ጻፍልን» ብላችሁኛል። ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የስደታችን ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወሳው መንግሥት ሲወድቅ፣ ድንበር ሲዘጋ፣ ቢሮ ሲወስን ነው። ቤት ያቆሙልን ሴቶች ስማቸው አይነሳም። እናቴ በስደተኞች መዝገብ ላይ ለብዙ ዓመታት በአባቴ ፋይል ሥር ነበረች፤ ሥራዋም «የቤት እመቤት» ተብሎ ተሞልቷል። ስድብ አይደለም፣ እውነትም ነበረች። ግን በዚያ ቃል ውስጥ ምን ምን እንዳለ የጠየቃት የለም።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የወታደር ቤተሰብ በየአቅጣጫው ተበተነ። በሰሜን የነበረው ወደ ሱዳን፣ በምሥራቅ የነበረው ወደ ጅቡቲ፣ በደቡብ የነበረው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ገባ። አባቴ ወታደር ስለነበር የእኛ ዕጣ ሞያሌ ሆነ። እማዬ እኔን አዝላ፣ እህቴን በእጇ ይዛ፣ በርበሬ በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። አባቴ «ከሞት እየሸሸን በርበሬ ትሸከሚያለሽ?» ቢላት «ካመለጥን ምን ልትበላ ነው?» አለችው። ይህን ነገር እስኪሞት ድረስ እየሳቀ ያወራው ነበር።

መጀመሪያ ያረፍነው ሰሜን ኬንያ ውስጥ ዋልዳ በሚባል ጣቢያ ነው። ዋልዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲዘጋ ወደ ካኩማ፣ ወደ ቱርካና ምድር ተወሰድን። ካኩማ የተቋቋመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሱዳን ጦርነት ለሸሹ ልጆች ነበር። ከእነሱም ብዙዎቹ ቀደም ሲል ጋምቤላ ውስጥ ፒኙዶ ጣቢያ ኖረዋል። እኛን ከቤታችን ያስወጣን ግንቦት እነሱንም ከፒኙዶ አስወጥቷቸዋል። እማዬ ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም። ውኃ ወረፋ ላይ አንድ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ ሲያናግራት ነው። ይዛው መጣችና «አገሬ በልተሃል፣ እዚህም ትበላለህ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇ ሆነ።

በራሽን የምናገኘው በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ባቄላ፣ ዱቄትና ዘይት ነበር። ጤፍ በነጋዴ እጅ ስለሚመጣ የበዓል ነገር ነው። እማዬ ማሽላውን አስፈጭታ ከስንዴ ዱቄት ጋር ትቀላቅለዋለች። አገር ቤት ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በካኩማ ሙቀት በአንድ ሌሊት ኩፍ ብሎ ያድራል፤ ካሳደሩት ይመርራል። ስለዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ትጋግራለች። ከቤት የተረፈውን እንጀራ ለገበያው ምግብ ቤቶች ትሸጣለች። የእኔ ደብተርና ጫማ ከዚያ ነው የመጣው። መዝገቡ ላይ ግን ገቢ የላትም።

የሚሰጠን የማገዶ እንጨት ስለማይበቃ ከቱርካና ሴቶች በዱቄት እንለውጥ ነበር። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በእንጨትና በውኃ የተነሣ ጠብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እማዬ «ኤጆካ!» ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ ሴቶቹን አስቀምጣ ቡና ታጠጣቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ በዋጋው ላይ እስኪነጋ ትከራከራለች። ሳቋ ከሦስተኛው ቤት ይሰማል፤ ስትቆጣም እንደዚያው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የሸሹ ወጣቶች ሲመጡ ቤታችን ሞላ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ሶማሌው አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል፤ ክርክሩም አይጣል ነው። የእሷ ሕግ አንድ ነበር፦ እዚህ ቤት የሚጣላ ስኒ ያጥባል። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች የሆናችሁ አንዳንዶቻችሁ ስንት ስኒ እንዳጠባችሁ እኔ አውቃለሁ።

ከሁሉ የከበደው ሥራዋ ግን መርዶ ነበር። ሞባይል እንዲህ ሳይስፋፋ የአገር ቤት ሞት በደብዳቤ ወይም በመንገደኛ አፍ ነበር የሚደርሰን። ወሬው አስቀድሞ ለእሷ ይነገራል። እሷም ባለቤቱ ሳይሰማ ሽማግሌ ትመርጣለች፣ ንፍሮና ቡና ታዘጋጃለች፣ ሐዘንተኛውን ማታ ጠርታ እራት ታበላለች። «ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም» ትል ነበር። ንጋት ላይ ተሰብስበው ይሄዳሉ። እንዲያውም በአዘቦት ቀን «ዛሬ ማታ እኛ ቤት ና» ካለች ሰው ይደነግጥ ነበር። «እትዬ፣ ደህና ነው?» ብሎ ሳያረጋግጥ የሚመጣ አልነበረም።

የሴቶቹን ዕቁብና እድርም ትይዛለች። ማንበብ ስለማትችል ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ጽፌ በጨረስኩት ደብተር ጀርባ፣ ማን 20 ሽልንግ እንዳዋጣ፣ ለማን እንደተሰጠ እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ለቀብር። ለወላድ ገንፎ። ለናይሮቢ ሕክምና መሳፈሪያ። ለፋሲካ ዶሮ። አንድ ጊዜ «ያልከፈሉትን ልጻፍ?» ስላት «የሌለውን ሰው ምን ብለህ ትጽፈዋለህ?» አለችኝ። ስለዚህ በዚያ ደብተር ዕዳ የለም፤ የሰጠና የተሰጠው ብቻ ነው ያለው።

ሰዎች ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄዱ ምጣዳቸውን ለእሷ ይተዉላት ነበር። አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ አንዱን ታነሣለች። «ይህ የእነ እገሌ ነበር፤ ቀንቷቸው ሄደዋል፤ ለእናንተም ይቅናችሁ» ብላ ትሰጣለች። የእሷ ጉዳይ ግን አልቀናም። ሸኝታ ስትመለስ ግን ያልተጣጠፈ አልጋ፣ ያልታጠበ ስኒ አይጠፋም፤ ወዲያው ሥራዋን ትይዛለች።

እ.ኤ.አ. በ2025 የምግብ እርዳታው ሲቀነስና ቤተሰቦች በችግራቸው መጠን ተከፋፍለው እንዲረዱ ሲደረግ፣ ያሳሰባት የራሷ ሆድ አልነበረም። «ሰው ሲመጣ ምን ላቀርብ ነው?» ብላ ነው ያለቀሰችው። ራሽን ለአንድ አፍ ይሰፈራል፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያው ከተሰፈረው ለሌላ ሰው ስታካፍል ኖራለች። ራሽን ሲቀነስ «ስንት ሰው ይራባል?» ብቻ አንበል። በእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች በኩል ይኖር የነበረው ሁሉ አብሮ ይጎዳል፤ አዲስ መጤው፣ ብቻውን የቀረው ልጅ፣ ሐዘንተኛው።

በቀብሯ ላይ እድሩ ድንኳን ተከለ። የቱርካና የእንጨት ደንበኞቿ መጡ፣ የሱዳን ልጆቿ መቃብሩን ቆፈሩ፣ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሻይ አፍልተው አቀረቡ። ማንም አላዘዛቸውም።

አሁን ልመናዬ ይህ ነው። በዋልዳና በካኩማ፣ በሱዳን መጠለያዎች፣ በጅቡቲም ቤት ያቆሙ እናቶች እያለፉ ነው። ያሉትን ዛሬ ጠይቋቸው፤ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። መቼ ወጣሽ? በየት በኩል? ምን ይዘሽ? ማንን አበላሽ? ማን አበላሽ? በፋይሉ ውስጥ የሌለው ይኼ ነውና።

ደብተሩ እኔ ጋ አለ፤ ገጽ በገጽ እየገለበጥኩት ነው። የሰው ስምና የቤት ጉዳይ ስላለበት በአደባባይ አልለጥፈውም። ግን ወላጆቻችሁ በዚያ ዘመን ካኩማ አንድ የነበራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እናታችሁ ለማን እንዳዋጣች፣ ለእናንተም ማን እንዳዋጣ ያለበትን ገጽ እልክላችኋለሁ።

የእማዬን ነፍስ ይማር። ያሉትን እናቶቻችንን ዕድሜ ይስጥልን።