ከችሎት እስከ ሜዳ

ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት ነው፤ ኳሱ ተለቅ፣ ሜዳው ጠበብ ያለ ሲሆን፣ ኳሱ የሚወረወረውም ክንድን ከታች በማዞር ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ይህ የሴቶች ስፖርት ለወግ ለማዕረግ የበቃው ግን በኳስና በዱላ ብቻ አልነበረም። ለዚህም የካሮል ሀቺንስ የሥራ ዘመን ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ታይትል ናይን» የተሰኘው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን ከለከለ። ሕጉ ቢጻፍም ልማዱ ወዲያው አልተለወጠም። ሀቺንስ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሶፍትቦልና ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር፤ በ1976 ከሶፍትቦል ቡድኗ ጋር ብሔራዊ ዋንጫ አነሣች። ይሁንና የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን ለጉዞ የሚሰጠው የምግብ አበልና ማደሪያ ከወንዶቹ ያነሰ ነበር። በ1979 ከቡድን ጓደኞቿ ጋር ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም አበሉና ማደሪያው እኩል እንዲሆን አዘዘ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ባላንጣ በሆነው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትቦል ዋና አሠልጣኝ ሆነች። ቡድኑንም ከ1985 እስከ 2022 ለ38 የውድድር ዘመናት መራች። ዋንጫው በአብዛኛው ከካሊፎርኒያና ከአሪዞና በማይወጣበት ዘመን፣ በ2005 ቡድኗ ዩሲኤልኤን ረትቶ፣ በኤንሲኤኤ የሶፍትቦል ታሪክ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ጡረታ ስትወጣ 1,707 ድሎች ነበሯት፤ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ያሸነፈ የኮሌጅ ሶፍትቦል አሠልጣኝ አልነበረም።

ድሎቹን መዝገብ ቆጥሯቸዋል። ከእርሷ በኋላ የመጡት ልጃገረዶች ችሎት ሳይቆሙ የተቀበሉት አበል ግን በየትኛውም የውጤት ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።